ለዕለት ሩጫ የሚሆን ሁለገብ የአስፋልት ጫማ አመራረጥ

ሳምንቱን ሙሉ የሚያሮጥ አንድ ጫማ ፈልጎ ሱቅ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው የማስታወቂያ ቃል ነው። ይህኛው ስፖንጁ ያስፈነጥራል፣ ያኛው ካርቦን አለው፣ ሌላው እግሩ ወደ ውስጥ ለሚያጋድል ሰው ነው ይባላል። የሚያሮጠው ግን የእግርን ቅርጽ የያዘና አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ መኖሩ የሚረሳ ጫማ ነው። ስለዚህ ምርጫው ከእግር ይጀምራል፤ ቴክኖሎጂው ኋላ ይመጣል።

እዚህ ሁለገብ የምንለው በአስፋልትና በሲሚንቶ መንገድ ላይ ሶምሶማውንም፣ የሳምንቱን ረጅም ሩጫም፣ አልፎ አልፎ ፈጠን የሚባልበትን ልምምድም የሚችል ጫማ ነው። በአንዱም አንደኛ አይወጣም፤ በየትኛውም ግን አያሳፍርም። ለጭቃና ለድንጋያማ መሬት አይሆንም፤ ለውድድር ቀን ተብሎ የተሠራውንም አይተካም።

1. አሮጌውን ጫማ ይመርምሩ

ያረጀ የመሮጫ ጫማ ካለ ከማንም ሻጭ የተሻለ ምስክር ነው። ጥንዱን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡና ዝቅ ብለው ከኋላ በኩል ይዩት። የተረከዙ ውጫዊ ጠርዝ መበላቱ አያስደንግጥዎ። አብዛኛው ሯጭ መጀመሪያ መሬት የሚነካው በዚያ በኩል ስለሆነ ጎማው ቀድሞ የሚያልቀው እዚያ ነው። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «አረጋገጤ የተበላሸ ነው» ብሎ የማያስፈልገውን ጫማ ይገዛል። ልብ ሊባል የሚገባው ስፖንጁ ራሱ በአንድ ወገን ሰምጦ ጫማው ሲያዘነብል፣ ወይም የግራና የቀኙ አበላል በጣም ሲለያይ ነው። ሁለተኛው ከጫማው ይልቅ የአካል ጉዳይ ሊሆን ስለሚችል፣ ሕመም ካለ ለፊዚዮቴራፒስት ማሳየት ይገባል።

ቀጥሎ የላይኛውን ጨርቅ ይፈትሹ። ከአውራ ጣት በላይ ቀዳዳ ከወጣ ጫማው አጥሮ ነበር፣ ወይም በጣት በኩል ከላይ ዝቅ ያለ ነበር። በትንሿ ጣት በኩል ጨርቁ ወደ ውጭ ከተወጠረ ወይም ከተቀደደ ጠቦ ነበር፤ የዚህ መፍትሔ ሰፋ ያለ ጫማ እንጂ ከፍ ያለ ቁጥር አይደለም። በተረከዝ በኩል ገበሩ ተበልቶ ውስጥ ያለው ጠንካራ ነገር ከታየ፣ ተረከዝ ከፍ ዝቅ እያለ ሲፈትገው ኖሯል። ይህ የሚሆነው ጫማው ሲረዝም ወይም ሲሰፋ፣ አንዳንዴም ማሰሪያው ሳይጠብቅ ሲቀር ነው። የጫማውን ሞዴል ስም በወረቀት ይያዙ፤ ወደፊት ስለ ተረከዝና ጣት የከፍታ ልዩነት ስንናገር ያስፈልጋል።

2. እግርን መለካት

እግር በቀን ውስጥ ያብጣል፤ ሲሮጡበት ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ልኬቱ ወደ ማታ፣ ከተቻለም ከሩጫ ወይም ከረጅም እርምጃ በኋላ ይሁን። የሚሮጡበትን ካልሲ ያድርጉ።

ወረቀት ከግድግዳ ሥር ያንጥፉ፤ ተረከዝ ግድግዳውን ነክቶ፣ ሙሉ ክብደት በሚለካው እግር ላይ አርፎ ይቁሙ። ተቀምጠው የለኩት እግር አጥሮና ጠቦ ስለሚወጣ አይታመንም። እርሳሱን ቀጥ አድርጎ ሌላ ሰው ቢያሰምርልዎ ይመረጣል፤ ራስዎ ጎንበስ ሲሉ ክብደቱ ይዛወራል። ከግድግዳው እስከ ረጅሙ ጣት ጫፍ ያለውን ይለኩ። ረጅሙ ጣት ሁልጊዜ አውራ ጣት አይደለም፤ ብዙ ሰው ሁለተኛው ጣቱ ይረዝማል፣ ጥፍሩ የሚጠቁርበትም በዚሁ ምክንያት ነው። ከዚያ ከጣቶች ግርጌ እግሩ በጣም የሚሰፋበትን ቦታ ይለኩ። ሁለቱንም እግር ይለኩና ትልቁን ይያዙ።

በረጅሙ ጣት ላይ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ይጨምሩ። እግሩ 26.3 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰው ከ27.3 እስከ 27.5 ሴንቲ ሜትር የውስጥ ርዝመት ይፈልጋል ማለት ነው። ይህ ትርፍ ቅንጦት አይደለም። እግር በየርምጃው ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ይብስበታል። ቦታ ካጣ ጥፍር ከጫማው ጫፍ ጋር በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ይጋጫል።

በጫማው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ ማመን አይቻልም። በአውሮፓ አቆጣጠር አንድ ቁጥር ከሌላው የሚለየው በሁለት ሦስተኛ ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም ወደ 6.7 ሚሊ ሜትር ነው። በእንግሊዝና በአሜሪካ አቆጣጠር ሙሉ ቁጥሩ ወደ 8.5፣ ግማሽ ቁጥሩ ወደ 4.2 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ 42 አጥሮ 43 የሚረዝምበት ሰው የአሜሪካውን ወይም የእንግሊዙን ግማሽ ቁጥር ጠይቆ መሞከር አለበት። በምላሱ ላይ የሚታተመው የሴንቲ ሜትር ቁጥርም ከአምራች አምራች ይለያያል። የማይዋሸው መንገድ የውስጥ ሶሉን አውጥቶ በላዩ መቆም ነው። ከጣቱ ፊት የእጅ አውራ ጣት ጥፍር ስፋት የሚያህል ቦታ ይታይ፤ በጎን ደግሞ ሥጋው ከሶሉ ጠርዝ ፈስሶ መውጣት የለበትም።

በጎን ከፈሰሰ ሰፊውን ዓይነት ይጠይቁ። በአሜሪካ አሰያየም ለወንዶች መደበኛው ስፋት «ዲ»፣ ለሴቶች «ቢ» ሲሆን፣ ለወንዶች «2ኢ» ሰፊ፣ «4ኢ» በጣም ሰፊ ነው። ለሴቶች «ዲ» ራሱ ሰፊ ነው። ጠባብ ጫማን በቁጥር ለማስፋት የሚሞክር ሰው ተረከዙ የሚዋኝበት፣ መታጠፊያውም ከእግሩ መታጠፊያ የማይገጥም ጫማ ይዞ ይወጣል። ይህ በጣም የተለመደ ስሕተት ነው።

3. በቁጥር የሚገለጹትን ነገሮች ማወቅ

ክብደት። ለዕለት ሩጫ የሚሆን ጫማ በመካከለኛ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ከ230 እስከ 290 ግራም በነጠላ ይመዝናል። በእያንዳንዱ ጫማ ላይ 100 ግራም ሲጨመር ሩጫው የሚፈጀው ጉልበት ወደ 1 በመቶ ገደማ ይጨምራል። እንግዲህ ሁለት ጫማዎች በ20 ግራም ቢለያዩ ለሶምሶማ ምንም ማለት አይደለም፤ የሚመቸውን ትቶ ቀላሉን መምረጥ ኪሳራ ነው። ከ300 ግራም በላይ ከሆነ ግን ፈጠን ማለት ሲፈለግ እግር ይጎትታል።

የከፍታ ልዩነት፣ በተለምዶ ድሮፕ የሚባለው። ተረከዝ ከጣት በስንት ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ እንደሚቀመጥ የሚነግረን ቁጥር ሲሆን፣ ከ0 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ዝቅተኛ ድሮፕ ሸክሙን ወደ ባትና ወደ ተረከዝ ጅማት ያመጣዋል፤ ከፍተኛው ደግሞ ወደ ጉልበት ያዞረዋል። ሸክሙ ቦታ ይቀይራል እንጂ አይጠፋም። ሁለገብ ለሆነ ጫማ ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ጥሩ መካከለኛ ነው። እዚህ ላይ ነው የአሮጌው ጫማ ስም የሚያገለግለው። የሱን ድሮፕ ይፈልጉና አዲሱ ከሱ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር በላይ እንዳይርቅ ያድርጉ። ዓመት ሙሉ በ10 የሮጠ ሰው በአንድ ቀን ወደ 2 ወይም 0 ቢወርድ ባቱ ይታሰራል፣ ካልተወውም የተረከዝ ጅማቱ ይቆጣል። ጥፋቱ ከጫማው ሳይሆን ከችኮላው ነው።

የሶል ውፍረት። በተረከዝ በኩል ከ30 እስከ 38 ሚሊ ሜትር የሆነ ሶል ለረጅም ሩጫ በቂ ምቾት ይሰጣል። የዓለም አትሌቲክስ ለጎዳና ውድድር የፈቀደው ከፍተኛ ውፍረት 40 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከዚያ የሚያልፉ የልምምድ ጫማዎችም ይሸጣሉ፤ በልምምድ ላይ የሚከለክል የለም። ሶል በወፈረ ቁጥር ግን እግር ከመሬት ይርቃል፤ መሠረቱ ጠባብ ከሆነ መታጠፊያ ላይ ቁርጭምጭሚት ይወላገዳል። ጫማውን ገልብጠው ይዩት፤ ከተረከዝና ከጣት ግርጌ ሰፋ ብሎ መሃሉ ብዙ ያልቀጠነ ይሁን። አንዳንድ አምራች የውስጥ ሶሉን ቆጥሮ፣ ሌላው ሳይቆጥር ስለሚጽፍ የሁለት ብራንድ ቁጥር ሲያነጻጽሩ ጥቂት ሚሊ ሜትር ልዩነት ላይ አይጨነቁ።

ስፖንጁ። በላይኛው ጨርቅና በታችኛው ጎማ መካከል ያለው የመሃል ሶል የጫማው ልብ ነው፤ ዋጋውንም የሚወስነው በአብዛኛው እሱ ነው። ኢቪኤ የሚባለው የስፖንጅ ዓይነት ከሁሉም ነባሩ ነው፤ ቀላልና ርካሽ ሆኖ፣ በብርድ ይደርቃል፣ ሲቆይም እየሰመጠ ይሄዳል። ቲፒዩ ከበድ ይላል፣ ግን ዕድሜው ይረዝማል፣ ሙቀትና ብርድም ብዙ አይቀያይረውም። ፔባ በጣም ቀላልና የተሰጠውን ጉልበት በደንብ የሚመልስ ነው። ችግሩ ውድ መሆኑና በአንዳንድ ጫማ ላይ በጣም ለስልሶ መወላወሉ ነው፤ ላዩም ለመቧጨር ስስ ነው። ዛሬ ብዙ የዕለት ጫማ የሚሠራው ከተሻሻለ ኢቪኤ ወይም ከቅይጥ ነው፤ ለአብዛኛው ሯጭ ይህ ይበቃዋል። ሱቅ ውስጥ እንደ ፍራሽ የሚሰምጥ ጫማ በመጀመሪያ ደቂቃ ያስደስታል። አሥር ኪሎ ሜትር ላይ ግን እግር እንዳይወላገድ ሲታገል ባትና ውስጥ እግር ይደክማል። በጣት ሲጫኑት የሚሰምጥ፣ ሲለቁት ወዲያው የሚመለስ መካከለኛ ጥንካሬ ይፈልጉ።

የካርቦን ሰሌዳ። በስፖንጁ ውስጥ የሚቀበር ጠንካራ ሰሌዳ ነው። ናይኪ በ2017 እ.ኤ.አ. ቬፐርፍላይ የተባለውን የውድድር ጫማ ካወጣ ወዲህ በውድድር ጫማ ላይ የተለመደ ሆኗል። ለየቀኑ ሩጫ አያስፈልግም። ጫማውን ያደርቀዋል፣ በዝግታ ሲሮጡ ጥቅሙ አይታይም፣ ስፖንጁም ቶሎ ያልቃል።

የታች ሶል። ጎማው ሙሉ በሙሉ ባይሸፍንም፣ የተረከዙ ውጫዊ ጠርዝና የጣቶች ግርጌ ያለ ጎማ መቅረት የለባቸውም። ካርቦን የተቀላቀለበት ጎማ ጠንካራና ዕድሜው ረጅም ነው፣ ብዙ ጊዜ ተረከዝ ላይ ይደረጋል፤ አየር የተነፋበት ጎማ ለስላሳና ቀላል ሲሆን ፊት ላይ ይደረጋል። ስፖንጁ ራሱ አስፋልት የሚነካበት ጫማ ክብደቱ ያምራል፣ ግን በጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ይላጋል፤ እርጥብ መንገድ ላይም ያንሸራትታል።

4. «እግርዎ ጠፍጣፋ ነው» ሲባሉ

ለዓመታት ሻጮች የእግርን ቅስት አይተው ጫማ ሲያድሉ ኖረዋል፤ ለጠፍጣፋው ደጋፊ (እግር ወደ ውስጥ እንዳያጋድል የሚይዝ)፣ ለጎባጣው ለስላሳ፣ ለመሃለኛው መደበኛ። ይህ አሠራር በአሜሪካ ጦር፣ አየር ኃይልና ባሕር ወለድ ምልምሎች ላይ ተፈትኗል። በቅስታቸው መሠረት ጫማ የተሰጣቸውም፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ጫማ የተሰጣቸውም የተጎዱት በተቀራራቢ መጠን ነበር። እግር ሲያርፍ ጥቂት ወደ ውስጥ ማጋደሉም በሽታ አይደለም፤ ድንጋጤን የሚያበርድበት ተፈጥሯዊ መንገዱ ነው።

ስለዚህ ከመደበኛው ጫማ ይጀምሩ። ደጋፊ ጫማ የሚጠቅመው ከዚህ በፊት ሮጠውበት ሕመም ለለቀቃቸው፣ ወይም በድካም ጊዜ እግራቸው ወደ ውስጥ በጣም ሲወድቅ ለሚሰማቸው ነው። ደጋፊ ጫማ ተስማምቶዎት ያለ ሕመም የሚሮጡ ከሆነም ማንም አያስቀይርዎ። ሲሞክሩት በውስጥ እግር በኩል እንደ ጠጠር የሚጎረብጥ ነገር ከተሰማ ያ ጫማ ለእርስዎ አልተሠራም።

5. በእጅ መፈተሽ

ጫማውን በተረከዝና በጫፉ ይዘው ይጠፉት። የሚታጠፈው ጣቶች ከሚታጠፉበት ቦታ ይሁን። መሃል ላይ እንደ መጽሐፍ የሚታጠፍ ከሆነ ውስጥ እግርን ያደክማል። ወፍራም ሶል ያለው ጫማ ብዙ ላይታጠፍ ይችላል፤ እሱ ጫፉ ወደ ላይ የተቀለበሰና የሚያንከባልል ከሆነ ችግር የለውም። ከዚያ እንደ ጨርቅ ይጭመቁት፤ ጥቂት ተጠማዝዞ እምቢ ይበል። ተረከዙን ከኋላ በሁለት ጣት ይጫኑት፤ ጠንከር ብሎ ግን ላይኛው ጠርዝ ለስላሳ መሆን አለበት፣ አለበለዚያ የተረከዝ ጅማትን ይልጣል።

እጅ ወደ ውስጥ ሰደው ስፌቱን ይዳስሱ። ጣት የሚያገኘው እብጠት በኋላ ውሃ የሚቋጥርበት ቦታ ነው። ጥንዱን ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አስቀምጠው ከኋላ ይዩ፤ አንዱ ካዘነበለ የፋብሪካ ጉድለት ነው፣ ሌላ ጥንድ ይጠይቁ። ብዙ አምራቾች በምላሱ ውስጥ ባለው ትንሽ ጽሑፍ ላይ የተሠራበትን ጊዜ ያትማሉ። ዋጋው የቀነሰ ያለፈው ዓመት ሞዴል ብዙ ጊዜ ጥሩ ግዢ ነው፤ ለብዙ ዓመት መጋዘን የቆየ ከሆነ ግን ስፖንጩ ይደርቃል፣ ሙጫውም ይለቃል። ሶሉና ጨርቁ የተገናኙበትን መስመር በጥፍር ይሞክሩ።

6. አድርጎ መሮጥ

ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ሞዴሎች ይሞክሩ፣ ሁልጊዜም በሁለት እግር። ተረከዙን ወደ ኋላ መታ አድርገው ካስገቡ በኋላ ያስሩ፤ ብዙ ሰው እግሩ ወደ ፊት ተንሸራቶ እያለ አስሮ «አጠረ» ይላል።

ቆመው ጣቶችዎን ያንቀሳቅሱ፤ ፒያኖ እንደመምታት መነሳትና መውረድ አለባቸው። ማሰሪያው የሚያልፍባቸው ሁለት ረድፎች ተጠጋግተው ከተነካኩ ጫማው ሰፍቷል፤ በጣም ተራርቀው ምላሱ ሰፊ ሆኖ ከታየ ጠቧል። በእግር ጫፍ ቆመው ተረከዝ ከወጣ፣ ከደረጃ ሲወርዱ ጣት ጫፉን ከነካ፣ ያ ቁጥር ወይም ያ ቅርጽ አይሆንም።

ከዚያ ይሩጡ። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ ቢቻል በደረቅ ወለል ላይ፤ የትሬድሚል ንጣፍ ራሱ ስለሚሰጥ ደረቁን ጫማ ለስላሳ ያስመስላል። በሶምሶማ ይጀምሩ፣ ለ30 ሰኮንድ ፍጠኑ፣ በድንገት ቁሙ፣ ዞር በሉ። በሶምሶማ ተመችቶ ሲፈጥኑ የሚሰምጥ ጫማ ሁለገብ አይደለም፤ በፍጥነት ደስ ብሎ በዝግታ የሚጎረብጠውም እንዲሁ። የሚፎካከሩ ሁለት ከቀሩ አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ አድርገው ጥቂት ይሂዱ፤ የሚቆነጥጠው ወዲያው ይታወቃል። ከዚያ እግሮቹን ይለዋውጡ።

«ሲለመድ ይሰፋል» የሚለውን አይቀበሉ። የቆዳ ጫማ ይሰፋል፤ የዛሬ የመሮጫ ጫማ ጨርቅ ግን ብዙም አይለጠጥም። ሱቅ ውስጥ የነካካ ቦታ መንገድ ላይ ያቆስላል።

በኢንተርኔት የሚገዛ ሰው ደግሞ መመለስ የሚቻልበትን ሁኔታ አስቀድሞ ያንብብ፤ ማታ ቤት ውስጥ ንጹሕ ወለል ላይ ይሞክር፣ ካርቶኑንም አይጣል። የሚወዱት ሞዴል አዲስ እትም ከወጣ እንደ አዲስ ጫማ ይቁጠሩት፤ ስሙ አንድ ሆኖ ስፋቱና ስፖንጩ ተቀይሮ ሊመጣ ይችላል።

7. ማሰሪያን እንደ እግር ማስተካከል

ጥሩ ጫማ ይዘው በአሳሰር ምክንያት የሚሰቃዩ ብዙ ናቸው። ተረከዝ ከተንሸራተተ ከላይ ተነጥሎ የተበሳውን የመጨረሻ ቀዳዳ ይጠቀሙ። ማሰሪያውን ሳያሻግሩ በዚያው ወገን ወዳለው የመጨረሻ ቀዳዳ አስገብተው ትንሽ ቀለበት ይተዉ፤ በሌላው ወገንም እንዲሁ። አሁን የግራውን ጫፍ በቀኙ ቀለበት፣ የቀኙን በግራው አሳልፈው ወደ ጎንና ወደ ታች ሳቡ፣ ከዚያ ይቋጥሩ። ቁርጭምጭሚት ሥር ይጠብቃል፣ ጣት በኩል ግን አይጨንቅም።

የእግር ላይ ከታመመ ሕመሙ ባለበት ቦታ ማሰሪያውን አያመሳቅሉ፤ በየጎኑ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ከላይ ይሻገር። ጣቶች ከደነዘዙ በመጀመሪያ የታችኛዎቹን ሁለት መስቀለኛዎች ያላሉ። ካላሉትም በኋላ ከደነዘዘ ጫማው ጠባብ ነው።

8. የመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ዕድሜው

የመጀመሪያው ሩጫ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ሜትር፣ በሶምሶማ ይሁን። ለሁለትና ሦስት ሳምንት ከአሮጌው ጋር ያፈራርቁ። ድሮፑ የተቀየረ ከሆነ ደግሞ ረጅሙን ሩጫ መጨረሻ ላይ ያዛውሩት። በሳምንት አራት ቀንና ከዚያ በላይ የሚሮጥ ሰው ሁለት የተለያዩ ጥንዶች ቢያፈራርቅ በእግሩ ላይ የሚያርፈው ሸክም ይለዋወጣል፤ ጫማውም ለመድረቅ ጊዜ ያገኛል።

ሲቆሽሽ በእጅ፣ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃና በቀላል ሳሙና ይታጠብ። ማሽንና ማድረቂያ ሙጫውን ያላሉታል። የውስጥ ሶሉን አውጥተው፣ ጋዜጣ ጠቅጥቀው ጥላ ውስጥ ያድርቁት፤ ጠራራ ፀሐይና ምድጃ አጠገብ ስፖንጩ ይጨማደዳል።

የተገዛበትን ቀን በምላሱ ውስጠኛ ገጽ ላይ ይጻፉ፤ ኪሎ ሜትሩን በስልክ ወይም በደብተር ይመዝግቡ። ብዙ ጫማ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ያገለግላል፤ ከበድ ያለ ሯጭና ለስላሳ ስፖንጅ ወደ 500 ይቀርባሉ። ቁጥሩ ባይደርስም ጎማው አልቆ ስፖንጁ ከታየ፣ በመሃል ሶሉ ጎን ያሉት የመጨማደድ መስመሮች ከበዙ፣ ወይም ልምምድ ሳይቀየር ቅልጥምና ጉልበት ማመም ከጀመረ ጊዜው ደርሷል። ከ400 ኪሎ ሜትር በኋላ አዲሱን መፈለግ ይጀምሩ፤ ሁለቱን ለማፈራረቅ በቂ ጊዜ ይኖራል። ስፖንጁ አልቆ ጨርቁ ደህና የሆነው አሮጌ ደግሞ ለእርምጃና ለሥራ ቦታ ገና ብዙ ያገለግላል።